በጋሽ ቀለም ስም

ጥር 1፣ ሰኞ

አለቃዬ ዛሬ ጠዋት ወንበር ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ወንበር ጎትቶ ሲቀመጥ ደግ ወሬ ይዞ አያውቅም። ባለፈው ሐሙስ ለደንበኞች የላክሁትን ኢሜይል በስልኩ ከፍቶ አሳየኝ። ርዕሱ «ታላቅ ቅናሽ!!! እንዳያመልጥዎ!!!» ይላል።

«ስንት ሰው ከፈተው?»

ነገርኩት።

«ከነሱ አንዷ እናትሽ ናት አይደል?»

ናት። 

መደብራችን የቤት ቀለም ይሸጣል። የአለቃዬ አባት ከቀለም ቀቢነት ተነስተው ያቋቋሙት ነው። ማዶ ያ ባለመስታወቱ ትልቅ መደብር ከተከፈተ ወዲህ ግን በራችን ላይ የሚቆመው ሰው ጥላ ፈላጊ ብቻ ሆኗል። እኔ የተቀጠርኩት በየሳምንቱ ለድሮ ደንበኞች እየጻፍኩ እንድመልሳቸው ነው። አለቃዬ «እስከ መጋቢት እንይና…» ብሎ ተነሳ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔ ቀኑን ሙሉ ስጨርስለት ዋልኩ።

ጥር 3፣ ረቡዕ

ርዕስ እንቢ አለኝ። «ግድግዳዎ አርጅቷል?» ሰረዝኩት። «ለውድ ደንበኛችን» ሰረዝኩት። ውድ ደንበኛችን ማን ነው? ፊቱን አይቼው አላውቅም።

ቀለም የምትቀምመዋ ሴትዮ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ልጅቷማ ስትጽፍ ነው የምትውለው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!»

ስለ እኔ ላይሆን ይችላል። ሌላ የምትጽፍ ልጅ ግን መደብሩ ውስጥ የለችም።

ጥር 6፣ ቅዳሜ

የአለቃዬ አባት ልባቸውን ታመው ሆስፒታል ከተኙ ሰነባብተዋል። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ቀለም» ነው የሚላቸው። ዛሬ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ለእናቴ «ልጠይቃቸው» ብዬ ነው የወጣሁት። እውነቱን ለመናገር የሚጻፍ ነገር ፍለጋ ነው።

«ማነሽ?» አሉኝ።

«መደብሩ ውስጥ የምጽፈዋ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ጥሩ። እኔ ፊደል ሳልቆጥር የቀለም ሰው የተባልኩ ነኝ። ነይ ተቀመጪ።» ወዲያው ጣታቸውን ወደ ፊት ለፊታቸው ግድግዳ ቀሰሩ። «ይሄን ታያለሽ? አረንጓዴ ነው አሉኝ። ይሄ አረንጓዴ ነው? ይሄ ያቅለሸለሸው ሰው ፊት ነው! የመጣሁት በልቤ ነው፤ የሚገድለኝ ግን ይሄ ግድግዳ ነው።»

መርፌ ልትወጋቸው የመጣችው ነርስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። እኔም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! የታመመ ሰው የሚተኛበት ክፍል የጠዋት ብርሃን የሚቀበል ቀለም ይፈልጋል አሉ፤ ነጭ ግን አይደለም፤ ነጭ ዓይን ይወጋል። ትንሽ ቢጫ ጠብ የተደረገበት፣ የቅቤ ዓይነት።

«ጋሼ፣ ይህንን ልጻፈው?»

«ጻፊው። ውሃ አታብዢበት እንጂ።»

ጥር 11፣ ሐሙስ

ላክሁት። ከእሳቸው አፍ እንደወጣ፣ በእሳቸው ስም። ርዕሱ፦ «የሚገድለኝ ይሄ ግድግዳ ነው»። ከላክሁ በኋላ ነው ያሰብኩት። ታማሚ ሰው ላይ ሟርት ቢመስልስ?

ከሰዓት። እየከፈቱት ነው። እየከፈቱት ነው! መልስም ይጽፋሉ። «ጋሼ፣ አሁንም ምላስዎ አልዳነም?» «ሳሎናችንን የቀባችሁልን ልጆቼ ሳይወለዱ ነው፤ አሁን እነሱ ወልደዋል፤ ቀለሙ አለ።» አንዲት ጡረተኛ መምህርት ረዘም አድርገው ጽፈዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መኝታ ቤታቸው ውስጥ እንቅልፍ አይመጣላቸውም፤ ግድግዳው ግራጫ ነው፤ ምን ይሻላል?

አለቃዬ በጀርባዬ ቆሞ አነበበና «ይሄ እሱ ነው» አለ።  ወንበር አልጎተተም።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ በሆስፒታሉ በኩል አለፍኩ። የመምህርቷን መልእክት አነበብኩላቸው። ጋሽ ቀለም ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «የቅቤውን ንገሪያት። አልጋዋንም ከበሩ ፊት ታንሳ፤ ሰው ይገባል እያለች ነው የምታድረው» አሉ። ድምፃቸው አንሷል። ብርቱካኑን አልነኩትም።

ጥር 23፣ ማክሰኞ

ጋሽ ቀለም አፋቸው ውስጥ ቱቦ ተደርጓል። መናገር የለም። እጄን ያዙኝ፤ ወይም እኔ ያዝኳቸው።

ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው። በእንዲህ ያለ ሰዓት ሐሙስ ነው ብሎ ማሰብ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ግን ነው። ሰው ይጠብቃል። አለቃዬም ይጠብቃል። ባለፈው ሳምንት ደንበኛ በዝቶ እትዬ ቀለም ስትቀምም አንድም ጊዜ ቁጭ አላለችም።

ጥር 25፣ ሐሙስ

ከቀድሞው ጨዋታቸው ተርፎኝ የነበረውን ቁራጭ ወስጄ ትንሽ አስፋሁት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጨመርኩት።

ደህና፤ ሁለት አንቀጽ።

እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ትንሽ ሳለ ሥራ ቦታ ይዤው እሄድ ነበር። እኔ ላይ ስወጣ እሱ መሰላሉን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ይይዝልኛል። ጉልበቱ እንኳን እኔን ድመትም አያቆም። ሲደክመው ‹አባ፣ ልልቀቀው?› ይለኛል። ‹አትልቀቅ፣ እወድቃለሁ› እለዋለሁ። ዕድሜ ልኬን ከመሰላል ወድቄ አላውቅም።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ቁጭ ብዬ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ከላክናቸው ሁሉ ብዙ ሰው የከፈተው ይህ ነው። እያለቀሱ የመለሱ አሉ።

አለቃዬ ቆሞ አነበበው፤ ስልኩን ኪሱ ከተተና በጓሮ በኩል ወጣ። እስከ ምሳ አልተመለሰም። ሳይወደው ቀርቶ ይሆን? ርዝመቱ ይሆን? «መሰላል» የሚለው ርዕስ አጠረ ይሆን?

ጥር 26፣ ዓርብ

እማ ደብዳቤውን በስልኳ ታነብ ነበር። መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

«ይሄ የአባትሽ ነው።»

«የጋሽ ቀለም ነው፣ እማ። ስማቸው እኮ ከታች አለ።»

«መሰላሉን የምትይዢው አንቺ ነበርሽ። ኮርኒስ ሊሠራ ሲሄድ እያለቀስሽ ትከተይው ነበር።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርሽ። ስንቴ ልንገርሽ፣ ልጄ? ትምህርት ቤት ነበርሽ» አለች።

ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም። አባቴ ሲሞት ትንሽ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የለም። እናቶች ሁሉን ነገር ጎትተው ወደ ቤታቸው ያስገባሉ። ሳህኖቹን አጠብኩ። ታጥበው የተቀመጡትንም ደግሜ አጠብኩ።

የካቲት 1፣ ረቡዕ

ጋሽ ቀለም ትናንት አረፉ። ዛሬ ቀበርናቸው። መደብሩ ዝግ ነው። እትዬ መቃብሩ አጠገብ ቆማ ጥፍሯ ውስጥ የደረቀ ሰማያዊ ቀለም ስትፍቅ አየኋት። ከእሳቸው ጋር ሥራ የጀመረችው ወጣት ሳለች ነው። ነፍስ ይማር።

የካቲት 2፣ ሐሙስ

አምላኬ ሆይ። ደብዳቤው ሄደ።

ቅዳሜ ዕለት ጽፌ፣ በራሱ ጊዜ ሐሙስ ጠዋት እንዲሄድ አስተካክዬ ነበር። በለቅሶው መሃል ፈጽሞ ረሳሁት። «ወዳጆቼ፣ ዛሬስ ደህና ነኝ፤ ብርሃኑም ጥሩ ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። ትናንት የቀበርነው ሰው!

መልሶቹ ይጎርፋሉ። «እሰይ!» «ተመስገን!» መምህርቷ፦ «እንደሚድኑ አውቅ ነበር። መኝታ ቤቴን ቀባሁት፤ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነቃ አደርኩ።»

ለቅሶ ቤት ድረስ ሄጄ ለአለቃዬ በሹክሹክታ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሰዎቹን አየት አድርጎ «ተይው» አለኝ። «አሁን ምንም አትበያቸው።»

የካቲት 6፣ ሰኞ

አለቃዬ ሥራ ገባ። ጢሙን አልተላጨም።

«ደብዳቤው ይቀጥል» አለኝ።

«በማን ስም?»

«በእሱ። እስክንረጋጋ ነው። ደንበኛው የሚመጣው ለእሱ ነው። እሱ የለም ካልን ማን ይመጣል?» ጠረጴዛዬን በእጁ ጠረገ፤ አቧራ አልነበረውም። «ደግሞ አንቺ ድምፁን ታውቂዋለሽ።»

«እሺ» አልኩ። በጣም ቶሎ ነው ያልኩት። የተቀጠርሽበት ቤት ጌታ አባቱ ሞቶበት ሲለምን ምን ይባላል? ደግሞም ማንን ይጎዳል? ሰው ቤቱን ይቀባል፤ እንቅልፍ ይተኛል።

የካቲት 9፣ ሐሙስ

ስለ በር ቀለም ጻፍኩ። ቀላል ሆነልኝ። ከበፊቱ ይልቅ ቀላል ሆነልኝ። ይህን ባልጽፈው ይሻል ነበር።

የካቲት 16፣ ሐሙስ

ዛሬም ሄደ። ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ መልሶቹን ሳነብ መውረጃዬ አለፈኝ። ሰዎች «ጋሼ» ሲሉ ቀና እላለሁ። እማ ራት ላይ «አንቺ ልጅ፣ እንደ ሽማግሌ ማውራት ጀመርሽ እኮ» አለችኝ። ሳቅን። እኔ ቀድሜ አቆምኩ።

እትዬ ቀኑን ሙሉ አላነጋገረችኝም። ልንዘጋ ስንል ጣሳ እየከደነች፣ ወደ እኔ ሳታይ «ሰውየው ዕድሜ ልኩን ለፋ። ሞቶም ሥራ አስገባሽው» አለች።

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ። አለቃዬ ነው ያዘዘኝ።»

«እጁ የማን ነው?»

ክዳኑን በመዶሻ መታ መታ አደረገችውና ሄደች።

የካቲት 20፣ ሰኞ

ባንኮኒው ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። እትዬ ከኋላ ትቀምማለች። አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ያቀፉ እናት ገቡ። ሳይናገሩ ነው ያወቅኳቸው። ጫማቸው ላይ የቅቤ ቀለም ጠብ ብሏል።

«ጋሽ ቀለምን ጥሪልኝ፣ የኔ ልጅ። ሲጽፉላት የነበረችው መምህርት መጣች በያቸው።»

ከቦርሳቸው ቡናማ ሻርፕ አወጡ። በእጃቸው የሠሩት ነው። «ለደረታቸው። ልብ ብርድ አይወድም።»

የቀለም መቀመሚያው ማሽን ከኋላ መንቀጥቀጡን አቆመ። እትዬ ትሰማለች።

«ዛሬ አልገቡም» አልኳቸው።

«ውይ! ደክሟቸው ነው?»

«አዎ። ትንሽ።»

«እንግዲያው አንቺ ስጪልኝ።» ሻርፑን አጣጥፈው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት፤ እጄን መታ መታ አደረጉኝ። «በይ ተንከባከቢያቸው» ብለውኝ ወጡ።

እትዬ ብቅ ብላ እኔንና ሻርፑን አየች። ምንም ቢሆን ትሳደባለች ብዬ ነበር። ተመልሳ ገባች። መሳደቧ ይሻለኝ ነበር።

ሻርፑ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። መሳቢያውን ከፍቼ እስክሪብቶ ማውጣት ፈራሁ።

የካቲት 22፣ ረቡዕ

የነገውን ደብዳቤ ስጀምር አለቃዬ መጣ። ወንበር ጎተተ። አለቀልኝ አልኩ።

ስለ ሥራ አልነበረም። «ስለ መሰላሉ የነገረሽ ቀን…» አለ። «እንዴት ብሎ ነበር ያወራው? እየሳቀ ነው?»

የጀመርኩትን ደብዳቤ ዘጋሁት።

«ሥራ ቦታ ወስዶኝ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ከደንበኛ ጋር ነበር ጨዋታው። ቤት ሲገባ ይበላል፣ ይተኛል። ስንት ዓመት ተቀይሜው ኖርኩ መሰለሽ። ለካ ወስዶኛል። እኔ ነኝ የረሳሁት።» ዓይኑ ቀላ። «ሆስፒታል ሄጄ ይሄን አነበብኩለት፤ ያን ዕለት፣ ደብዳቤው የሄደ ቀን። አፉ ውስጥ ቱቦ አለ። አየኝ ብቻ። ‹ይቅርታ አባ፣ ረስቼው ነው› አልኩት።»

«ቀስ ብለው ነው ያወሩት» አልኩ።

እንዲህ አልኩ! ቀስ ብለው ነው ያወሩት!

የካቲት 23፣ ሐሙስ

ዛሬ ደብዳቤ አልላክሁም። አለቃዬ አልጠየቀኝም። እጄ ተሳስሮ ዋለ። ቁርስም ምሳም እንቢ አለኝ።

ብነግረው አባቱን ሁለተኛ እቀብርበታለሁ። ባልነግረው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያላጠፋውን ጥፋት ይሸከማል። «ረስቼው ነው» ብሎ ይቅርታ የጠየቀው ለእኔ ፈጠራ ነው። እሳቸውስ? መናገር የማይችሉት ሰውዬ ያላደረጉትን ሲመሰገኑ ምን አሉ በሆዳቸው?

የካቲት 24፣ ዓርብ

ነገርኩት።

ጠዋት ገና መደብሩ ሳይከፈት፣ ጓሮ ጣሳ ሲቆጥር አገኘሁት። «የመሰላሉን እሳቸው አልነገሩኝም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

የያዘውን ጣሳ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እንደ ትኩስ ነገር።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ያኔ መናገር አይችሉም ነበር።»

 ከመንገድ የጭነት መኪና ሲያልፍ መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ።

«ታዲያ መሰላሉን የያዘው ማን ነው?» አለ። ለምን እንዲህ ብሎ እንደጠየቀ አላውቅም። ምናልባት ጥያቄ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። የማንን መሰላል ብሎ አልጠየቀኝም። አየኝ፤ እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።  ጣሳ ላይ አስቀመጠኝና ወጣ።

የካቲት 25፣ ቅዳሜ

ለእማ ነገርኳት። ስለ ሥራው ብቻ ልነግራት ነበር። አባቴ ከመሰላል ሲወድቅ ከታች ማን እንደነበረ ጠየቅኋት። «ማንም» አለች። ከዚያ አልጋዬ ላይ መጥታ አጠገቤ ተኛች፤ እንደ ልጅነቴ።

የካቲት 27፣ ሰኞ

አለቃዬ አላነጋገረኝም። ኮምፒውተሬ ውስጥ ያሉ የግሌን ነገሮች አጠፋሁ። ሲያሰናብተኝ ላለማፈር።

የካቲት 29፣ ረቡዕ

ወንበር ጎተተ።

«ተነሺ፤ እዚያ ተቀመጪ» አለኝና እኔ ቦታ ገባ። ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ አድርጎ ቆየ። «ምን ተብሎ ይጀመራል?»

ስንት ነገር ተምሬ ነበር፤ ርዕስ ይጠር፣ የመጀመሪያው መስመር ይሳብ፣ አንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። አንዱም አልመጣልኝም።

«ለሚያውቁት ሰው እንደሚነግሩ አድርገው ይጻፉት» አልኩ።

እየሰረዘ፣ እየጻፈ፣ በአንድ ጣት እንዲህ አለ፦

«አባቴ አርፏል። ካረፈ ሳምንታት አልፈዋል፤ ደብቄያችሁ ነበር። የሆስፒታሉ ግድግዳ ቀልድ የእሱ ነው። ለመምህርቷ የነገራት የቅቤ ቀለም የእሱ ነው። መሰላሉ የእሱ አይደለም። ካረፈ በኋላ የተላኩት ሁሉ የእሱ አይደሉም፤ ይቀጥሉ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከእኔ ጋር ብዙ አያወራም ነበር። በእነዚህ ደብዳቤዎች ግን በየሐሙሱ ያወራኝ መሰለኝ፤ ስለዚህ ማቆም አቃተኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ካረፈ በኋላ» ከሚለው በፊት ስለ እኔ አንድ መስመር እንዲጨምር ጠየቅሁት። «መሰላሉን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ይበሉ» አልኩ። «እሱን ለራስሽ ተይው» አለኝ። ፊደል ስቷል። አላረምኩትም።

መጋቢት 1፣ ዓርብ

ትናንት ሄደ። የደንበኞቹ ስሞች ከኢሜይል ዝርዝሩ ሲወጡ በዓይኔ አያለሁ፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። «የሙት ነጋዴዎች» ብሎ የጻፈ አለ። «ነፍስ ይማር» ያሉም አሉ፤ ብዙ። «አባትህ አጥሬን ሲቀባ ስለ አንተ አውርቶኝ ነበር፤ ምን እንዳለ ግን ረሳሁት፣ ይቅርታ» ያለ አንድ ሽማግሌ አለ። አለቃዬ ይህንን ወረቀት ላይ አሳትሞ ወሰደው።

መጋቢት 4፣ ሰኞ

መምህርቷ መጡ። ሰላምታ የለም።

«ሻርፑን መልሺልኝ።»

ከመሳቢያው አወጣሁላቸው። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

«ደክሟቸዋል አልሽኝ። ፊቴን እያየሽ።»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እናቴ አትበይኝ።» ሻርፑን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ የሚመለሱ መሰለኝ። ቦርሳቸውን ሊዘጉ ነው የቆሙት።

እትዬ ውሃ በብርጭቆ አመጣችልኝና እስክጠጣው ቆመች።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

አለቃዬ ሲያልፍ፣ ሳይቀመጥ፣ «ለነገ የምትጽፊው አለሽ?» አለኝ። «አለኝ» አልኩ። አልነበረኝም።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

ጠዋት ላክሁ። አጭር ነው። ከእንግዲህ የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ፣ መደብሩ ውስጥ ጸሐፊ እንደሆንኩ፣ በሕይወቴ አንድም ግድግዳ ቀብቼ እንደማላውቅ። ከታች ስሜን ጻፍኩ። ስሜን ለመጻፍ ከደብዳቤው የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

የከፈቱት ጥቂት ናቸው። እስከ ምሳ አንድም መልስ የለም።  ከሰዓት አንድ መጣ፦

«ለማናውቅሽ ልጅ፦ ወደ ልጆቼ ክፍል የሚወስደው መተላለፊያ ጨለማ ነው፤ ማታ ማታ ይፈራሉ። ምን ልቀባው?»

መልሱ ጣቴ ጫፍ ላይ ነበር። በእሳቸው ድምፅ፣ ቀልዱ ሳይቀር ተዘጋጅቶ። እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁና ወደ ኋላ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ጨለማ መተላለፊያ ምን ይቀባል?»

«መስኮት አለው?»

«አላውቅም።»

«መብራቱስ ምን ዓይነት ነው? ወለሉስ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ እኔ ጠንቋይ ነኝ?» አለች፤ ማሽኑን ግን አጠፋችልኝ። «ጠይቂያቸውና ነይ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። «አላውቅም» ብዬ ጻፍኩ። «ግን የምታውቅ ሰው አጠገቤ አለች። መስኮት አለው?»

ላክሁት።